የጎርጎር ሁለት ቁጥሮች

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ሙና ሪድዋን ሰዒድ
ዕድሜ፦ 17 ዓመት
የትምህርት ደረጃ፦ ከ8ኛ ክፍል ያቋረጠች
ሥራ፦ በኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ረዳት
አድራሻ፦ ጅግጅጋ ከተማ፣ ቀበሌ 06፣ በእህቷ ቤት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ደበሌ ቶላ
በቦታው የተገኙ፦ ምስክሯ 18 ዓመት ስላልሞላት ወ/ሮ እናትአለም ግርማ፣ ከሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ነው። ስለ መምህር ሱጉሌ ከቤታቸው መጥፋትና ስለ እህቴ ባል ስለ ሳሚር ኮምፒውተር የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ እንድናገር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

አባቴ በ2013 ዓ.ም. ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ከታላቅ እህቴ ከፊርደውስና ከባሏ ከሳሚር ጋር መኖር ጀመርኩ። ሳሚር ከገበያው ጀርባ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለው። እኔም እዚያ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። ደንበኛ የሚያነጋግረው ሳሚር ነው። እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሁለተኛው ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ።

ሳሚር በኮምፒውተር ፖከር የሚባል የካርታ ቁማር ይጫወታል። ተጫዋቾቹ አይተያዩም፣ ሁሉም የሚጠራው በቅጽል ስም ነው። ግማሹ ናይሮቢና ዱባይ፣ ግማሹ ድሬዳዋና እዚሁ አገር እንዳለ ሳሚር ነግሮኛል። ማን ማን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. አንድ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ ጫነ። ፕሮግራሙ ጨዋታው ላይ የተደረገውን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማን እንደገባ፣ ማን ካርታውን እንደጣለ፣ ማን ገንዘብ እንደጨመረ። ከዚያ በየተጫዋቹ ስም ሥር ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩን ያየ ሰው ያ ተጫዋች ፈሪ ይሁን ደፋር ያውቃል።

ፕሮግራሙ የሌላውን ሰው ካርታ ያሳይ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አያሳይም ብያለሁ። የሰው ስልክ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አይገባም ብያለሁ። በስልኩ ካሜራ የሰው ቤት ያይ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ተጠይቄ ሦስቴም አያይም ብያለሁ። እኔ ያየሁት ቁጥርና ስም ብቻ ነው።

ሥራዬ ምን እንደነበር ስጠየቅ፣ ፕሮግራሙ በየስሙ አጠገብ ማስታወሻ የሚጻፍበት ትንሽ ሣጥን አለው። ሳሚር እሱ ሲጫወት እኔ ሌሎቹን እያየሁ እዚያ ላይ እንድጽፍ አዘዘኝ። «ሙኒ፣ ዝም ብለሽ እያቸው። ዝም ማለት እንደሆነ አንቺን የሚያክል የለም» አለኝ። ስለዚህ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት እያየሁ እጽፍ ነበር። ማርዎ የሚል ስም ያለው ተጫዋች ሁለቴ ከተበላ በሦስተኛው ተናዶ ይገባል። ሹፌሩ የሚባለው ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ይዘገያል፣ መጥፎ ሲደርሰው ይፈጥናል። እንዲህ ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ክፉ ነገር መሆኑን አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሲያየኝ እጄን ያልበኛል፣ የምለው ይጠፋኛል። እነዚህን ሰዎች ግን ሳያዩኝ አወቅኋቸው። ቀን ሙሉ ሳልናገር ከብዙ ሰው ጋር የዋልኩ ይመስለኝ ነበር።

ጎርጎር የሚባል ተጫዋች ነበር። ጎርጎር በሶማሊኛ ንስር ማለት ነው። ፕሮግራሙ በስሙ ሥር 27 ይላል። ከመቶ ዙር ሃያ ሰባቱን ይገባል፣ በሌላው ካርታውን ጥሎ ይቀመጣል ማለት ነው። ሳሚር ግን ይህን ቁጥር አምኖ በተጫወተ ቁጥር ይሳሳት ነበር። ይፈራል ብሎ ሲገፋው ጎርጎር ይደፍራል፣ ይደፍራል ብሎ ሲጠብቀው ይጥላል። አንድ ቀን «ይሄ ሰውዬ ሰው ነው ወይስ ጂን?» ብሎ ኪቦርዱን በጥፊ መታው። እኔ የጎርጎርን ዙሮች በየሰዓቱ ለያይቼ ደብተር ላይ ጻፍኩና ቆጠርኩ። ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከመቶ አሥራ አራቱን ብቻ ይገባል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ከመቶ አርባውን። ሃያ ሰባት የሚባል ሰው የለም። ሁለት ሰዎች አሉ፤ ፕሮግራሙ ደባልቋቸው መሐል ላይ የሌለ ሰው ሠራ። ለምን ሁለት እንደሚሆን ግን አልገባኝም። ለብዙ ቀን ጎርጎር ወንድማማቾች ናቸው ብዬ አስብ ነበር፤ ታናሹ ፈሪ፣ ታላቁ ደፋር።

ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ረቡዕ ባቢሌ አካባቢ ጎርፍ መንገዱን ዘግቶ የአወዳይ ጫት መኪና ዘገየ። በሌላ ቀን ሰባት ተኩል ገደማ ጥሩምባውን እየነፋ ይገባል። በዚያ ቀን ግን ከተማው በሙሉ ተነጫነጨ። ሱቃችን የመጣ አንድ ሰው ፎቶኮፒው ላይ ጆሮዬ ጠቆረ ብሎ ከሳሚር ጋር ሊደባደብ ነበር። መኪናው የገባው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጎርጎር ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ አሥር ሰዓት አለፈ፣ አሁንም አሥራ አራት ነው። ታላቁ ወንድም አልመጣም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን አርባ ሆነ። ያኔ ነው የገባኝ። ወንድማማች አይደሉም። አንድ ሰው ነው፣ ከመቃሙ በፊትና ከቃመ በኋላ። የዱባይ ሰው ወይም የናይሮቢ ሰው ደግሞ የባቢሌ ጎርፍ ምን ያደርገዋል? ጎርጎር የሚቅመው የእኛን ከተማ ጫት ነው።

ይህን ለሳሚር ለምን እንደነገርኩት ስጠየቅ፣ ስለገረመኝ ነው የነገርኩት። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ስንከፍት ደብተሩን አሳየሁት። ሁለት ጊዜ አነበበውና ሳቀ። «አቦ ሙኒ! ስንት ዶላር የከፈልኩበት ፕሮግራም ያላወቀውን አንቺ በቢክ እስክሪብቶ?» አለኝ። ቤት ገብቶ ለፊርደውስም ነገራት። እሷም «እኔ መች አጣኋት፣ ልጅ ሆና እንኳ ከሰው ጫማ አይታ ማን ቤት እንደመጣ ታውቅ ነበር» አለች። ሰው እንደዚያ አመስግኖኝ አያውቅም። በዚያ ቀን ምሳ ሁለቴ አወጣሁ።

ጎርጎር ማን እንደሆነ ያገኘው ሳሚር ራሱ ነው። እንዴት እንዳገኘው ሲያወራ ሰምቻለሁ። በእኛ ከተማ ሰው ጫት የሚቅመው ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው። ብቻውን የሚቅም ሰው ወይ ታሟል ወይ የሚደብቀው ነገር አለ ይባላል። ሳሚር ጫት ወደምትሸጠው ወደ ኢስተሂል ሄዶ፣ ከሰው ተለይቶ ብቻውን መቃም የጀመረ ደንበኛ እንዳላት ጠየቃት። እሷም እየሳቀች «ምነው፣ የምትዳር ልጅ አግኝተህለት ነው?» ብላው ስም ነገረችው። ለእኔ ግን ስሙን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። እስከዚያ ቀን ድረስ ጎርጎር ፊት ያለው ሰው ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ መምህር ሱጉሌ ሱቃችን መጡ። ሳሚር የትምህርት ቤት ወረቀት አለዎት ብሎ ነው የጠራቸው። መምህር ሱጉሌ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምረውኛል። ከመቶ ማስላትን የተማርኩት ከሳቸው ነው። ሌሎቹ መምህራን ሰሌዳ ላይ እያስወጡኝ ክፍሉ ሲስቅብኝ፣ እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላስወጡኝም። ደብተሬን ወንበሬ ድረስ መጥተው ያርሙልኝ ነበር። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ስለነበር አዩኝ። «ሙና! አለሽ እንዴ? ትምህርቱስ?» አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «ግድ የለም፣ ጊዜ አለሽ» አሉኝ።

ከዚያ ሳሚር አንድ ወረቀት ከፕሪንተሩ አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። ወረቀቱ አሁን ሳጅን ያሳዩኝ ወረቀት ነው፣ አውቄዋለሁ። በላዩ ላይ ጎርጎር በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ በአዛን ሰዓት ከጨዋታው ሲወጣ ታይቶ መቼ ለሶላት እንደተነሣ፣ ጫቱን ስንት ሰዓት እንደጀመረ ተጽፏል። ከደብተሬ የተገለበጠ ነው። የተየብኩትም እኔ ነኝ። ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው የተየብኩት። መምህር ሱጉሌ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ የተነጋገሩትን በማስታውሰው መጠን እናገራለሁ።

«ይሄን ማን ነገረህ?» አሉ።

ሳሚር «ማንም አልነገረኝም ቲቸር። ኮምፒውተሩ ነው» አለ።

«ጫቴን? ሶላቴን ጭምር?»

«ሁሉንም ያያል ቲቸር። እርስዎ ብቻ አይደሉም፣ ማንንም ያያል። አይጨነቁ፣ እኔ አፌ ዝግ ነው። አብረን ስንጫወት አንዳንዴ ካርታዎን ቢጥሉልኝ፣ እኔም ወረቀቴን መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፋለሁ።»

መምህር ሱጉሌ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አዩት። ከዚያ በፊቱ ደፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቤቴንም?» አሉ። ሳሚር ትከሻውን ነቀነቀ። እሳቸው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። ስልካቸውን ረስተው ስለነበር ሳሚር ተከትሎ ሮጦ ሰጣቸው። በሁለት ጣታቸው ነው የተቀበሉት።

በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔ ምን እንዳደረግሁ ስጠየቅ፣ ምንም አላደረግሁም። ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። ከሳቸው እስከ እኔ ሁለት እርምጃ አይሆንም። አፌ ውስጥ ነበር፣ አልወጣም። ማታ ለሳሚር «ጋሼ፣ ለምን ኮምፒውተሩ ነው አልካቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ታዲያ አንዲት ኮረዳ ናት ብላቸው ይፈሩኛል?» አለኝ። ፊርደውስ ሳህን እያጠበች ነበር፣ ዞር ብላ አላየችንም።

መምህር ሱጉሌ ጥቅምት 24 ቀን ቅዳሜ ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። ይህን ያወቅሁት ሰኞ ጥቅምት 26 ቀን ልጃቸው ፈርሂያ ሱቃችን ስትመጣ ነው። ፈርሂያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። የአባቷን ፎቶግራፍ ይዛ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ እንዲሠራላት ጠየቀች። ሳሚር ፎቶውን ሲያይ ወረቀት የሚያመጣ መኪና ልይ ብሎ ወጣ። ስለዚህ እኔ ብቻዬን አነጋገርኳት። ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የለበሱትን ነገረችኝና ጻፍኩ። ስልክ ይዘው እንደሆነ ጠየቅኳት፣ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ነው። «ስልኩንማ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከቶት ነው የሄደው» አለችኝ። «ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ሸፍኖት ነበር። እናቴንም በሹክሹክታ ነበር የሚያናግራት። አባቴ አብዷል እንዴ? አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ አይደል፣ ስልክ ሰው ያሳብዳል?» እኔ አላውቅም አልኳት። ሃምሳ ኮፒ አደረግሁላት። ብር ልትሰጠኝ ስትል እንቢ ስላት አቀፈችኝ። ይህ ለምን እንደሚጻፍ አላውቅም፣ ግን እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ወረቀቱ በመምህር ሱጉሌ ቤት ተገኝቶ ከእኛ ሱቅ መውጣቱ ስለታወቀ ኅዳር 5 ቀን ፖሊስ መጥቶ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ወሰደ፣ ሳሚርም ተያዘ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት ምን እንድል እንደተነገረኝ ተጠይቄያለሁ። ፊርደውስ ትናንት «ሁሉንም ፕሮግራሙ ነው ያደረገው በይ። ማሽኑ ላይ ጣይው። ማሽን አይታሰርም» አለችኝ። እህቴን አልወቅሳትም። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ማሽኑ ላይ ስጥለው ሳሚር ነጻ የሚወጣ መስሏታል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሳጅን እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ማሽኑ የሰው ስልክ ውስጥ ገብቷል ከተባለ የሳሚር ክስ ይከብዳል። እኔ ነኝ ካልኩ ግን እኔ ምን እንደምሆን አልታወቀም። ለማን ብዬ ምን እንደምል ሌሊቱን አስቤ አልቻልኩም። ስለዚህ የሆነውን እናገራለሁ።

መምህር ሱጉሌ ቅዳሜ ኅዳር 8 ቀን ሐርተሼክ እህታቸው ቤት እንደተገኙ ሳጅን ነግረውኛል። በሕይወት አሉ፣ አልታመሙም። ነገር ግን ስልክ የያዘ ሰው ወደ ግቢው አይገባም። ሳጅን ራሳቸው ስልካቸውን ማዶ ያለ ሱቅ አስቀምጠው ነው የገቡት። ኮምፒውተሩ እስካለ ድረስ ወደ ጅግጅጋ አልመለስም ብለዋል። ኮምፒውተሩ ተይዟል ሲባሉም ሌላ ኮምፒውተር አለ ብለዋል። ትምህርት ቤቱ እስከ ኅዳር 17 ካልተመለሱ ቦታቸውን ለሌላ መምህር ይሰጣል። ፈርሂያም ሄዳ ለምናቸው ነበር። «አንቺንም ያዩሻል፣ ወደ እኔ አትመላለሺ» ብለው መልሰዋታል።

ሳጅን ታዲያ ፕሮግራሙ ስልክ ውስጥ ካልገባ፣ ቤትም ካላየ፣ ሰውየው ጫት የሚቅሙበትን ሰዓት በምን አወቀ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ያወቅሁት አልኩ። ሳጅን መጻፋቸውን አቆሙ። ወ/ሮ እናትአለም «ሙናዬ፣ የምትዪው ሁሉ እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ አይደል?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። ሳጅን ከጫት መኪናው መዘግየት ብቻ ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አላመኑም ነበር። ደብተሬን ከቦርሳዬ አውጥቼ የነሐሴ 17ን ገጽ አሳየኋቸው። ደብተሩ ከዚህ ቃል ጋር ተያይዟል። እሳቸውም ሲቆጥሩ ቆይተው «እኔም በዚያ ቀን ከሰው ተጣልቼ ነበር» አሉ። ከዚያ ይህ አይጻፍ አሉ፣ ቆይተው ደግሞ ይጻፍ አሉ።

ማየት ወንጀል ይሁን አይሁን አላውቅም። እዚያ ጨዋታ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እኔ ያየሁትን ያያል። እኔ ቆጠርኩት እንጂ አልሰረቅሁትም። ግን የሰው ቁጥር ከቆጠሩት በኋላ የማን እንደሆነ አልገባኝም። ሳጅንን ጠይቄ ነበር፣ እሳቸውም ለጊዜው እንደማያውቁና ከፍ ላለ አካል እንደሚጠይቁ ነግረውኛል። ሳሚር የተናገረውን ማስፈራሪያ ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አልክድም። ፊርደውስ ይህን ስትሰማ ቤቷ ታስገባኝ አታስገባኝ አላውቅም።

ሳጅን ይህን ቃል አስተይበው ሐርተሼክ ወስደው ለመምህር ሱጉሌ ሊያነቡላቸው እንደሚያስቡ ነገሩኝ። እኔ ተቃወምኩ። ከማሽን የወጣ ወረቀት ነው ያስፈራቸው፣ ሌላ ከማሽን የወጣ ወረቀት አያምኑም። ስለዚህ እሳቸውን የሚመለከተውን በእጄ እንድጽፍ ጠየቅሁ። የእጅ ጽሑፌን አንድ ዓመት ሙሉ አርመውታል፣ ያውቁታል። ሳጅን ፈቀዱልኝ። አንድ ገጽ ጻፍኩ። የጻፍኩት ይህ ነው፦ ቲቸር፣ ያየዎት ኮምፒውተር የለም። ቤትዎንም ስልክዎንም ማንም አላየም። ከሰባት እስከ ዘጠኝ አሥራ አራት ነዎት፣ ከዘጠኝ በኋላ አርባ ነዎት፣ የባቢሌ ጎርፍ ቀን ጫቱ ሲዘገይ እርስዎም ዘገዩ። በአዛን ሰዓት ከጨዋታው ይወጣሉ፣ ስምዎንም ሳሚር ያገኘው ጫት ሻጯን ጠይቆ ነው። ከዚህ በላይ የታወቀ ነገር የለም። ስሌቱ ከታች አለ፣ ስሕተት ካለው ያርሙልኝ። የቆጠርኩት እኔ ሙና ነኝ። ለሳሚር የነገርኩትም እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። ፈርሂያ የምትመላለስበት ምክንያት የሚናፍቃት አባት ስላላት ነው እንጂ ማንም ልኳት አይደለም።

ይህን ካነበቡ በኋላ ስለ እኔ ምን እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ቢሆንም እንዲደርሳቸው እፈልጋለሁ። የሚወስድ ሰው ከጠፋ በቀብሪበያ በኩል በሚሄደው ሚኒባስ ራሴ እወስደዋለሁ። ስልክ የለኝም፣ ወደ ግቢው መግባት እችላለሁ።

ይህ ቃል ከላይ እስከ ታች ተነቦልኛል፣ ወ/ሮ እናትአለምም ሰምተዋል። በአንድ ቦታ አስተካክያለሁ። በሁለተኛው ገጽ «የመምህሩን የጫት ሰዓት ፕሮግራሙ አወቀ» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ያ ተሰርዞ «ሙና አወቀች» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ ተስተካክሏል፣ በስርዙም ላይ ፈርሜበታለሁ። ያልገባኝን አልገባኝም ብያለሁ፤ ከዚያ በቀር የተናገርኩት ሁሉ ያየሁትና ያደረግሁት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሙና ሪድዋን

በቦታው የተገኙ፦ እናትአለም ግርማ (ፊርማ)

ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ደበሌ ቶላ (ፊርማ)

ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 6፡05

አባሪ፦ አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር፤ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ለመምህር ሱጉሌ የሚደርስ